በክር የተሰካ ኮረሪማ

ባለፈው የለቀማ ወራት የደረሰብንን ያልሰማ የማኅበራችን አባል የለም። በሩቅ ሆናችሁ ለምትደግፉንና ይህን መጽሔት ለምታነቡ ወዳጆቻችን ስል ግን ከዚያው ልጀምር። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ኮረሪማ ለቅመን፣ አፉን ሰፍተን፣ በባጃጅ ጭነን ለአንድ ነጋዴ ልናስረክብ ወሰድን። ነጋዴው አንዱን ማዳበሪያ ፈታና እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ከመሃል አንድ እፍኝ አወጣ። አሸተተው። ምንም ሳይናገር አንዷን ፍሬ በጥፍሩ ፈልቅቆ ወደ እኔ ዘረጋት። ውስጧ ነጭ ሻጋታ ለብሷል። ጥቁር ቡናማ ሆኖ ማንጸባረቅ የነበረበት ዘርም ገርጥቷል፣ ሽታውም እንደ እርጥብ ጆንያ ነው። «እህቶቼ፣ ይሄን አልወስድም» አለን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ነው።

ጭነቱን ይዘን ስንመለስ ሁላችንም ዝም ብለን ነበር። የስንት ሴት ጉልበት፣ የስንት ቀን ጫካ ለጫካ መዞር እንደነበረ የለቀመችው ታውቃለች። በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ የሆኑት፣ እኛ እማማ ብቻ ብለን የምንጠራቸው እናት፣ ማዳበሪያውን ገልጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄማ ተቀብሮ ነው የከረመው። የኛ እናቶች ኮረሪማን በክር ነበር የሚሰኩት» አሉ።

ይህች ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። በልጅነቴ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ በቃጫ ተሰክቶ የተንጠለጠለ ኮረሪማ ማየቴን አስታውሳለሁ፤ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ለምን በክር? ከመቼ ጀምሮ? እማማን ብጠይቃቸው «ድሮም እንዲሁ ነው» አሉኝ። ድሮ ማለት ግን ስንት ዘመን ነው? ጅማ የምትማረው ልጄ ለዕረፍት ስትመጣ እሷን ረዳት አድርጌ ያገኘሁትን ነው እዚህ የምጽፈው። የዘመን ቁጥሮቹን በእነሱ አቆጣጠር የመዘገቧቸው የውጭ ሰዎች ስለሆኑ እኔም እንዳሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ትቻቸዋለሁ።

ኮረሪማን ለማታውቁት ሁለት ቃል ልበል። የዝንጅብል ዘመድ ነው። ግንዱ እንደ ሸምበቆ ቀጥ ብሎ ከሰው ቁመት ይተካከላል፣ ቅጠሉ ረጅምና ለስላሳ ነው፣ ሥሩ ከመሬት በታች እየተጋደመ ይስፋፋል። የሚወደው የትልልቅ ዛፎችን ጥላና እርጥብ አፈር ነው። የሚገርመው አበባውም ፍሬውም ከቅርንጫፍ ላይ አይወጣም። ከግንዱ ሥር፣ ከመሬት ጋር ተጠግቶ ይፈነዳል። ስለዚህ ለቃሚዋ ጎንበስ ብላ፣ ቅጠሉን በአንድ እጇ ገልጣ፣ በሌላው መፈለግ አለባት። ፍሬው ሲበስል እሳት የመሰለ ቀይ ይሆናል። ቢከፈት በነጭ፣ ጎምዘዝና ጣፈጥ ባለ ሥጋ የተሸፈኑ ብዙ ትንንሽ ዘሮች አሉት። ልጅ ሆነን ያንን ሥጋ እየመጠጥን ዘሩን እንተፋው ነበር፤ እናቶቻችን ሲደርሱብን «ገንዘብ ትተፋላችሁ?» ይሉን ነበር።

ከተማ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ኮረሪማን ከሄል ጋር ያምታቱታል። ሄል አረንጓዴ፣ ትንሽ፣ መነሻው የሕንድ ደን የሆነ ሌላ ተክል ነው። ዛሬ በብዛት ከሚያመርቱት አንዷ ማዕከላዊ አሜሪካ ያለችው ጓቴማላ ናት። ኮረሪማ ግን የእኛው ነው፤ መነሻው ይኸው የኢትዮጵያ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ሁለቱ በአንድ ቤተሰብ ያሉ የአክስትና የአጎት ልጆች ቢባሉ ይቀላል። መምታታቱ ግን የዛሬ ብቻ አይደለም። ወደ ዋናው ታሪክ የሚያስገባንም እሱው ነው።

በ1874 ለንደን ውስጥ «ፋርማኮግራፊያ» የሚባል ትልቅ የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ ታተመ። የጻፉት ፍሉኪገርና ሃንበሪ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ናቸው። በየአገሩ ገበያ የሚሸጠውን ቅመምና መድኃኒት እያነሱ፣ ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚመስል ይተርካሉ። ሄልን ሲዘረዝሩ ኮረሪማም አብሮ ይነሳል። ልጄ እየተረጎመች ስታነብልኝ አንድ ቦታ ላይ አስቆምኳት። የኮረሪማው ፍሬ ሁሉ ማለት ይቻላል ቀዳዳ አለው፤ እንዲደርቅ በክር ስለሚሰካ ነው ይላል። አክሎም እንዲህ የተሰካውን ኮረሪማ ዐረቦች አንዳንዴ እንደ መቁጠሪያ ይጸልዩበት እንደነበር ይናገራል።

እስቲ አስቡት። የአንዲት ሴት ወስፌ ጫካ ዳር ባለች ጎጆ የበሳውን ፍሬ፣ ባሕር ማዶ ያለ ሽማግሌ እያንከባለለ ይጸልይበታል። ለንደን ያለ ሊቅ ደግሞ ቀዳዳውን አይቶ «በክር ተሰክቶ ነበር» ብሎ ይጽፋል። እማማ «ድሮም እንዲሁ ነው» ያሉኝ ቢያንስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የታተመ ምስክር አለው ማለት ነው። ስነግራቸው ብዙም አልተገረሙም። «ታዲያ አላልኩሽም?» ብቻ ነው ያሉኝ።

ያው መጽሐፍ የፍሬውን ስሞችም ይዘረዝራል። በኦሮምኛ ኮረሪማ ይባላል፣ የጉራጌ ቅመም የሚሉትም አሉ፣ በዐረብኛ ደግሞ የሐበሻ ሄል ይባላል ይላል። ሲሸጥ የታየው ደቡብ ጎጃም ውስጥ ባሶ ገበያ ላይ ነው። ወደዚያ የሚመጣው ቱምሄ ከሚባል አገር ነው፤ ከባሶ ወደ ምጽዋ ይሄዳል፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ሕንድ። ይህን ሁሉ ወሬ ለለንደኖቹ ያቀበላቸው ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ ነው። ከ1840 እስከ 1843 በሸዋና በጎጃም ቆይቶ የገበያዎቹን ሸቀጥ በጥንቃቄ ይመዘግብ ነበር። ፍሬውን ከእሱ አግኝቶ መጀመሪያ ስለ ኮረሪማ የጻፈውም ጆናታን ፔሬራ የተባለ የለንደን የመድኃኒት ሊቅ ነው።

ጉራጌ ተጠቅሷል። ቱምሄ ተጠቅሷል። ሐበሻ ተጠቅሷል። ከፋ ግን የለም።

መጀመሪያ ላይ ይህ አናደደኝ፤ አልዋሽም። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥፋቱ የተጓዡ ብቻ አይደለም። የዚያን ጊዜው ንግድ እንዴት ይሄድ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። ከቦንጋ የተነሳ ሸቀጥ ወደ ጅማ ሂርማታ ገበያ ይሄዳል። ከዚያ በሊሙ እናርያ በኩል ሳቃን፣ በጉድሩ በኩል አሰንዳቦን ይዞ ዓባይን ይሻገርና ባሶ ይደርሳል። ከባሶ ጎንደር፣ ከጎንደር ምጽዋ። በየገበያው ጭነቱ እጅ ይለውጣል፣ ነጋዴውም ይለወጣል። የባሶው ገዢ የሚያውቀው የአሰንዳቦውን ሻጭ ነው፤ የአሰንዳቦው የሳቃውን። ዛሬ አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ያለውን ቅመም ሻጭ ኮረሪማው ከየት እንደመጣ ብትጠይቁት «ከጅማ» ይላችሁ ይሆናል። ለምን? ሸቀጡ መኪና የለወጠው እዚያ ነዋ። ያኔም ነገሩ ይኸው ነበር።

በዚያ ላይ የከፋ መንግሥት በራሱ ጊዜ ለውጭ ሰው በሩን በቀላሉ የሚከፍት አልነበረም። አገሩ በጥልቅ ቦይና በኬላ ተከልሎ ነበር፤ ገቢውም ወጪውም በር ላይ ይጠየቃል። ቦንጋ ያኔ የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረች። ከሰሜን የሚመጡ ነጋዴዎች አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ይዘው ይገቡባታል፣ ቡና፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ኮረሪማ ይዘው ይወጣሉ። ከአውሮፓውያን ቀድሞ የደረሰባት ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው፤ በ1843። ቢክ ባሶ ላይ ኮረሪማ በመዘነበት ዘመን አካባቢ፣ ዳባዲ ፍሬው የሚበቅልበት አገር ደርሶ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ማስታወሻቸውን ቢያገናኙ ኖሮ የእኛ ስም ከፍሬው ጋር ለንደን ይደርስ ነበር ይሆናል። ይህ የእኔ ምኞት ነው፤ ታሪክ አላልኩትም።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ የሚከብደኝ ነገር አለ። ኮረሪማው በሄደበት መንገድ ሰውም ይሄድ ነበር። በቡናና በዝሆን ጥርስ መካከል፣ ከእኛና ከጎረቤቶቻችን አገር በጦርነትና በዘረፋ የተያዙ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ልጆችና ወጣት ሴቶች፣ በዚያው በሳቃ፣ በአሰንዳቦና በባሶ ገበያዎች እየተሸጡ ወደ ጎንደር፣ ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ተነድተዋል። የከፋ መኳንንትም ራሳቸው ከዚህ ንግድ ተጠቃሚ ነበሩ፤ እውነቱን ለሌላ ሰው ብቻ መለጠፍ አይገባም። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱን ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፣ በ1942 ደግሞ በአዋጅ ጨርሶ ተከለከለ። የታሪክ ጽሑፎች የሸቀጡን ዝርዝር ሲደረድሩ «ባሪያ፣ ዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ያልፉታል። እኔ በአንድ ትንፋሽ ማለፍ አቃተኝ። ያንን ክር የሰካችው እጅ የማን እንደነበረች፣ ፍሬውን ለራሷ ሸጣ ይሁን ለጌታዋ፣ የጻፈልን የለም። ስለ ኮረሪማ ቀዳዳ የጻፉ አሉ፤ ስለበሳችው ሴት ግን አንድ መስመር አላገኘሁም።

ከዚያ 1897 መጣ። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከፋን ወጋ። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካና በገደል ሲዋጉ ቆይተው በዚያው ዓመት ተያዙ። ወደ ዙፋናቸው ሳይመለሱም በ1919 በግዞት አረፉ። ጦርነቱና ከእሱ በኋላ የመጣው ዘረፋ አገሩን አራቆተው፤ ሰዉ አለቀ፣ ተበተነ፣ ተሸጠ። የታረሰው ማሳ ደን ለበሰ። ዛሬ ጎብኚ መጥቶ «ድንግል ደን» ብሎ የሚያደንቀው ጫካ፣ አንዳንዱ የዚያን ጊዜ የሰው ማሳና ጓሮ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር በ1905 እና በ1909 መጥቶ ስለ ከፋ ሁለት ትልልቅ ጥራዝ የጻፈው ከዚህ ጥፋት በኋላ ነው። ካልጠፉት ሰዎች አፍ የሰማውን ባይመዘግብ ኖሮ ዛሬ ብዙውን ባላወቅን ነበር።

ኮረሪማ ግን በዚህ ሁሉ መካከል ቀጠለ። ተካይም ጠባቂም አይፈልግም፤ ጥላ ካገኘ ሥሩ ራሱ ይራመዳል። ገበያው ተለወጠ እንጂ ፈላጊው አልጠፋም። መኪና መንገድ ሲወጣ በምጽዋ ፋንታ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፍ ጀመር። በርበሬ ያለ ኮረሪማ፣ ሚጥሚጣ ያለ ኮረሪማ፣ ንጥር ቅቤ ያለ ኮረሪማ ማን ይሠራል? ቡና ወደ ዓለም ሲሄድ ኮረሪማ አገር ቤት ቀረና የየቤቱን ጓዳ ያዘ። ለዚህ ይመስለኛል ስለ ቡናችን ብዙ ሲባል ስለ ኮረሪማ ብዙም የማይባለው።

የሳይንስ ስሙም ታሪክ አለው። በ1848 አሌክሳንደር ብራውን የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ኮረሪማን በላቲን ስም መዘገበው። አሁን ዓለም የሚጠቀምበትን «አፍራሞሙም ኮረሪማ» የሚለውን ስም ያጸናው ግን ሆላንዳዊው ያንሰን ነው፤ በ1981 ስለ ኢትዮጵያ ቅመማ ቅመሞች ባሳተመው መጽሐፍ። ቡና በ1753 ሊኔየስ ከተባለው ስዊድናዊ «ኮፊያ አራቢካ» የሚል ስም ሲያገኝ የዐረብ ተብሎ ቀረ። እዚህ ላይ ኮረሪማ ከቡና የተሻለ ዕድል አለው ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ የአገር ቤት ስሙን ይዞ ገብቷል። እማማ ይህን ስነግራቸው «ስሙስ ምን ይሠራልሻል፣ ሻጋታውን አውጪ» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ወደ ሻጋታው እንመለስ።

ኮረሪማ ምርጫው የሚጀምረው ገና ከጫካው ነው። መለቀም ያለበት ሙሉ በሙሉ ቀልቶ፣ ቆዳው ሲያብረቀርቅ ነው። ግማሹ አረንጓዴ የሆነው ከተለቀመ ዘሩ ገርጥቶ ይቀራል፣ መዓዛም አያወጣም፤ ሲደርቅም ይጨማደድና ክብደቱ ይጠፋል። ይህን የማያውቅ የለም። ታዲያ ለምን ጥሬውን ለቀምን? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔ ካልቀደምኩ ሌላ ይቀድመኛል ብለን ነው። ዝንጀሮም ጦጣም ሲበስል ይቀድሙናል፣ ሰው ደግሞ ከዝንጀሮ ይብሳል። አያቶቻችን ዘንድ ይህ ፍርሃት እንዲህ አልነበረም። ጫካው «ቆቦ» በሚባለው ሥርዓት የተከፋፈለ ነበርና፤ የእገሌ ቆቦ ውስጥ ቀፎ መስቀልም ሆነ ቡናና ኮረሪማ መልቀም የባለቤቱ ነው፣ ጎረቤት ይህንን ያከብራል። ከዚያ በኋላ የመጡት መሬት ሕጎች ደኑን የመንግሥት ሲያደርጉት፣ የሁሉም የሆነ ነገር የማንም ሆነ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቦንጋ ደን አሳታፊ የደን አስተዳደር መሞከር ሲጀምር ማኅበረሰቡ ተደራጅቶ ደኑን የመጠበቅና ማር፣ ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ የመሰብሰብ መብቱ እንደገና በወረቀት ታወቀለት። በ2010 ደግሞ ዩኔስኮ ከ760 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነውን የከፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ መዘገበ። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ለኮረሪማ የሚያስፈልገው ግን ከወረቀቱ በተጨማሪ «ሳይቀላ አልነካም» የሚል የጎረቤት ቃል ነው፤ እሱ ላይ ገና ነን። ሌላም አለ፦ ቡናው እንዲያፈራ ብለን የጥላ ዛፉን ስናሳሳ ከሥር ያለው ኮረሪማ ቅጠሉ ይቃጠላል። ሁለቱን አብሮ ማኖር የሚቻለው መቁረጥን በልክ በማድረግ ነው።

ከተለቀመ በኋላ ማድረቁ ነው። ፍሬው ውኃ የያዘ ነው፤ እርጥቡን ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቆ ማሳደር ማለት እንደ ሊጥ ማቡካት ነው። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው። መሬት ላይ ማስጣትም አይበጅም፤ አፈርና የዶሮ ኩስ ይቀላቀልበታል፣ የሌሊቱ ጤዛ ያረጥበዋል። አሁን ገባኝ፣ ክሩ ጌጥ አልነበረም። ፍሬው በቃጫ ሲሰካ አየር በሁሉም ጎኑ ያልፋል፣ አንዱ ከአንዱ ጋር አይላተምም፣ ዝናብ ሲመጣ አንድ ላይ ተሰብስቦ ወደ ቤት ይገባል። አንዷ ብትበላሽ ትታያለች፤ ሳታበላሽ ትነቀላለች። በወስፌ የተበሳው ቀዳዳም ውስጡ ቶሎ እንዲደርቅ የሚረዳ ይመስለኛል። ለመቁጠርና ለመሸጥም ይመቻል።

ክሩ የት ይሰቀል በሚለው ግን ከእማማ ጋር አልተስማማንም። እሳቸው ከምድጃ በላይ ይላሉ፤ ጭሱ ነቀዝ ያባርራል፣ ክረምቱም ሆነ ደመናው አያግደውም። እኔ ደግሞ ነጋዴው ሲያሸት ፊቱን አይቻለሁ፤ የዛሬ ገዢ የጭስ ሽታ ያለበትን ዝቅ አድርጎ ነው የሚገዛው። ጭሱ የፍሬውን የራሱን መዓዛ ይሸፍነዋልና። ለቤት የሚሆነውን ቆጥ ላይ፣ ለገበያ የሚሆነውን ደግሞ ጣሪያ ባለው፣ ንፋስ በሚያልፍበት ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ከጭስ አርቀን እናድርቅ በሚለው ተለያየን። እሳቸው አሁንም የእኔን «የከተማ ኮረሪማ» ይሉታል።

ስለ ማስቀመጥም ጥቂት ልበል፤ ከተማ ያሉ አንባቢዎችም ይጠቅማቸዋል። ስትገዙ ፍሬውን ጆሯችሁ ዳር አድርጋችሁ አወዛውዙት፤ ደህና የደረቀው ውስጡ ይንሿሿል። ቅርፊቱ የተሰነጠቀውን፣ ወይም ሥሩ አካባቢ ነጭ ብናኝ ያለበትን አትውሰዱ። ከፍተኛው ስሕተት ከነማዳበሪያው የላይኛውን ብቻ አይቶ መግዛት ነው፤ እንደ ነጋዴያችን እጃችሁን እስከ መሃል አስገቡ። የደረቀ ኮረሪማ አይታጠብም። ከቅርፊቱም አስቀድሞ አይፈለቀቅም፤ መዓዛውን የሚጠብቀው ራሱ ቅርፊቱ ነው። የተፈጨ ኮረሪማ የምትገዙ ሰዎች የምትገዙት የቀድሞ መዓዛውን ጥላ ነው ብል አልተሳሳትኩም። በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት። የሻገተውን «ታጥቦ ይለቀቃል» አትበሉ፤ አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይፈጥራል፣ ማፍላትም መቁላትም አያጠፋውም። እኛም ሁለቱን ማዳበሪያ አቃጠልነው። ላጤ ልጆቻችንና ሁለት ሰዎች «ለበርበሬ ይሆናል» ብለው ተከራክረው ነበር፤ እንኳን አልሰማናቸው።

መብላቱን ማን ያስተምራችኋል! ግን ከቅርብ ያላያችሁ እንዳትቀሩ። ትኩሱን ቀይ ፍሬ ጫካው ውስጥ ገምጣችሁ ነጩን ሥጋ ምጠጡት፤ ይህን ደስታ የትም ገበያ አይሸጡላችሁም፣ ውሎ ሲያድር ይጠፋልና። የደረቀውን ዘር በጣም ሳታምሱ፣ ሽታው ብድግ ሲል ከምጣዱ አውርዱት፤ ካለፈ ይመራል። በሙቀጫ ሰለቅ አድርጋችሁ ቅቤ ስታነጥሩ ከኮሰረትና ከበሶብላ ጋር ጨምሩ። ቡና ሲፈላ ሁለት ሦስት ዘር ጀበናው ውስጥ ጣል ማድረግ በእኛ ቤት የእንግዳ ክብር ነው። ለአራስ በሚሠራው ገንፎ ቅቤ ውስጥ የግድ ነው። ሆድ ሲነፋ ዘሩን ማኘክም የሁላችንም እናቶች ያስተማሩን ነው።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ቀይ ፍሬ ታይቷል። ባለፈው ስብሰባ የተስማማነውን ላስታውስ፦ ቡድን በቡድን አንድ ላይ ወጥተን የቀላውን ብቻ እንለቅማለን፣ ያልቀላውን የነካች የዕለቱን ድርሻዋን ታጣለች። ይህ ቅጣት የበዛ ነው ያላችሁ አላችሁ፤ እስቲ አንድ ዓመት እንሞክረው። የሚቀጥለው ሰንበት ከሰዓት በኋላ እማማ ቤት ግቢ እንገናኝ። ወስፌ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቃጫውን እሳቸው አዘጋጅተዋል። ጣታችሁን እንዳትወጉ ቀስ በሉ ብለዋል፤ እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸውም አንድም ቀን አልተወጉም።